«ምን ነሳዎት?»፦ ስለ እንቅልፍ የተጻፈ አንድ ዝነኛ መጽሐፍ ከአንበሳሜ ሲመዘን

ማቲው ዎከር እ.ኤ.አ. በ2017 «ለምን እንተኛለን» የተሰኘውን መጽሐፉን ሲያሳትም በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሳይንስና የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ነበር። መጽሐፉ ስለ እንቅልፍ ለሰፊው አንባቢ ከተጻፉት ሁሉ እጅግ ከታወቁት አንዱ ሆኗል። በጤና ትምህርት ላይ የሚሰማው «በቀን ስምንት ሰዓት ተኙ» የሚለው ምክርም ከመጽሐፉ መንፈስ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን መመዘን ምክሩንም መመዘን ነው። ሚዛኑ ደግሞ ምክሩ በሚሰጥበት ቦታ ሊቀመጥ ይገባል። በደቡብ ጎንደር፣ ከሐሙሲት ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የደራ ወረዳ ከተማ አንበሳሜ ለዚህ የምትመች ናት።

በቅድሚያ ለመጽሐፉ የሚገባውን ምስጋና መስጠት ተገቢ ነው። ዎከር እንቅልፍን የሚገዙትን ሁለት ኃይሎች፣ ማለትም ሰውነት ነቅቶ በቆየ ቁጥር በአንጎል የሚጠራቀመውን አዴኖሲንና በብርሃንና በጨለማ የሚመራውን የውስጥ ሰዓት፣ ማንም ሊረዳው በሚችል መንገድ ያብራራል። ካፌይን የአዴኖሲንን ተቀባዮች እንደሚዘጋ፣ ግማሹ ከደም እስኪወጣም ከ5 እስከ 7 ሰዓት እንደሚፈጅ ሲያስረዳ፣ ነገሩ ከቡና ሥርዓታችን ጋር ወዲያው ይያያዛል። ከቀኑ 10 ሰዓት አቦል፣ ቶናና በረካ የጠጣ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የካፌይኑ ግማሽ ያህል ገና በደሙ ውስጥ አለ። ይህን ለታካሚ መንገር የጤና ባለሙያ ምንም ወጪ ሳይኖርበት የሚሰጠው ጠቃሚ ምክር ነው።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ አንባቢውን ለማሳመን ሲል ማስረጃውን ከአቅሙ በላይ ያሠራዋል። አሌክሲ ጉዜይ የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሰፊ ትችት በርካታ ግድፈቶችን ነቅሷል። መጽሐፉ የዓለም ጤና ድርጅት በበለጸጉ አገሮች የእንቅልፍ እጦት ወረርሽኝ አውጇል ይላል፤ ድርጅቱ ግን እንዲህ ያለ አዋጅ አላወጣም። ስለ ወጣት ስፖርተኞች ጉዳት በቀረበው ሥዕላዊ መግለጫም 5 ሰዓት የተኙትን የሚያሳየው ዓምድ ተቆርጦ ቀርቷል፤ ይህ ዓምድ በዋናው ጥናት ላይ 6 ሰዓት ከተኙት ያነሰ ጉዳት የሚያሳይ ነበር። አጭር እንቅልፍ የካንሰርን አደጋ ከእጥፍ በላይ ያሳድጋል የሚለው ጥቅል አነጋገርም በኋላ የተጠቃለሉ ጥናቶች የማይደግፉት ነው። በሕዝብ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሞት የሚጨምረው አጭር በሚተኙት ብቻ ሳይሆን ረጅም በሚተኙትም ላይ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2015 ለአዋቂዎች ያወጡት ስምምነት 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይላል እንጂ ስምንትን እንደ ቁርጥ ልክ አያስቀምጥም።

ይህ የቁጥር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፍርሃት ራሱ እንቅልፍን ያባርራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ለሥር የሰደደ የእንቅልፍ እጦት የመጀመሪያ ሕክምና እንዲሆን የመከረው አስተሳሰብንና ልማድን የሚያርመውን የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። ይህ ሕክምና ታካሚው በአልጋ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ለጊዜው ያሳጥራል፤ የመነሻ ሰዓቱን ያጸናል፤ እንቅልፍ እንቢ ሲለውም ከአልጋው እንዲነሣ ያዛል። መጽሐፉ ሕክምናውን ቢያነሣም አጠቃላይ ድምፁ ግን «ካልተኛህ ትሞታለህ» የሚል ነው። ሌሊት ዓይኑ የፈጠጠ ሰው ከዚህ የሚያተርፈው ጭንቀት ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ጉድለት ግን ሌላ ነው። መጽሐፉ ባመዛኙ የሚናገረው እንቅልፉን በሥራ፣ በስክሪንና በመብራት ለሚሸጥ ሰው ነው፤ እንቅልፍ ማጣትን በአብዛኛው እንደ ምርጫ ያየዋል። አማርኛ ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ያስቀምጠዋል። ታካሚው «እንቅልፍ ነሳኝ» ይላል። የነሳ ነገር አለ ማለት ነው፤ ሐሳብ ነሳኝ፣ ቁንጫ ነሳኝ፣ ሕመም ነሳኝ። በዚህ አባባል ውስጥ ተጠርጣሪው ከታካሚው ውጭ ቆሟል። የባለሙያው ሥራ ደግሞ ስሙን መጠየቅ ነው፦ «እማማ፣ ምን ነሳዎት?»

በአንበሳሜና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ለዚህ ጥያቄ የሚገኘው መልስ ከመጽሐፉ ዝርዝር ጋር ብዙም አይገጥምም። በሌሊት የሚብስ ማሳከክ እከክ ሊሆን ይችላል፤ በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ወቅት በአማራ ክልል የተስፋፋው የእከክ ወረርሽኝ ሊረሳ አይገባም። ተኝታ ስትታፈንና ቁጭ ስትል የሚቀላት ወጣት የልብ ቫልቭ በሽታ ይኖርባት ይሆናል። ሌሊቱን ለሽንት የሚመላለስ አዛውንት ፕሮስቴት ወይም ስኳር፣ በላብ እየተነከረ የሚያስል ጎልማሳ የሳንባ ነቀርሳ፣ ጎሕ ሳይቀድ ነቅታ በትካዜ የምትቀመጥ እናት ድብርት ሊሆንባት ይችላል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ጋይንትንና ደብረ ታቦርን ነክቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም ግጭቱ በክልሉ ቀጥሏል። ስለዚህ ቅዠትና በድንገት መባነን የጦርነት ጠባሳ ሊሆኑ ይችላሉ። ለእነዚህ ሁሉ «ስምንት ሰዓት ተኙ» ማለት መድኃኒቱን ትቶ የበሽታውን ስም መልሶ እንደ መንገር ነው። ሳይመረምሩ ዳያዜፓም መስጠት ደግሞ በበሽታው ላይ ሱስ መጨመር ነው።

የእንቅልፍ ልክም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በታንዛኒያ ሃድዛ፣ በናሚቢያ ሳንና በቦሊቪያ ጺማኔ ሕዝቦች መካከል የተደረገ ጥናት ኤሌክትሪክ ሳይኖራቸው በአማካይ ከ5.7 እስከ 7.1 ሰዓት ብቻ እንደሚተኙ፣ የእንቅልፍ እጦት ሕመም ግን በመካከላቸው ብርቅ እንደሆነ አሳይቷል። በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በድጓው ቤተልሔምና በዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ፣ የዜማ ተማሪዎች በሌሊት ተነሥተው ቃል ሲያጠኑ ዘመናት አልፈዋል። ይህን አይቶ ሁሉም ጤነኛ ነው ማለትም ሁሉም ታሟል ማለትም ስሕተት ነው። መጠየቅ የሚገባው ሰውዬው ቀን ላይ እንዴት እንደሚውል ነው፤ ያንጎላጃል ወይ? ይዘነጋል ወይ? ሥራውን ይሠራል ወይ?

መጽሐፉ ለጤና ባለሙያ በእውነት የሚጠቅመው ስለ ሐኪሞች ተረኝነት በሚናገርበት ክፍል ነው። የረጅም ተረኝነትን ልማድ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሥልጠናውን የመሠረተው ዊልያም ሃልስቴድ በኮኬይን ሱስ ተይዞ ከመቆየቱ ጋር ማያያዙ ከማስረጃ ይልቅ ግምት ነው። ነጥቡ ግን ጽኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት ለ17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚቀንስ አሳይቷል። በ2004 እ.ኤ.አ. በቦስተን በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በተደረገ ጥናትም ጀማሪ ሐኪሞች በረጅሙ ተረኝነት ወቅት ሰዓታቸው ካጠረበት ጊዜ ይልቅ 36 በመቶ የበዛ ከባድ ስሕተት ሠርተዋል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀዶ ሕክምና ሠልጣኞች ላይ የወጣ ጥናት የሰዓት ገደብን ማጥበቅ ብቻውን የታካሚን ሞት እንደማይቀንስ አመልክቷል፤ ሰዓት ሲያጥር ርክክብ ይበዛል፤ በርክክብም መረጃ ይጠፋል።

ባለሙያ በሌለበት ጤና ጣቢያ ፈረቃ ማሳጠር ቀላል አይደለም፤ ኃላፊነቱም በመጀመሪያ የአስተዳደሩ ነው። እስከዚያው ግን የሚሠራ አለ። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት የሰው ንቃት ዝቅ የሚልበት ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት ለእናት የሚሰጥ የማግኒዚየም ሰልፌት ወይም የኦክሲቶሲን መጠን በሁለተኛ ሰው ይታይ፤ ሰው ከሌለ በግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ሠንጠረዥ ጋር ይመሳከር። ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን። ከተረኝነት በፊት ግማሽ ሰዓት መተኛት እንደ ስንፍና አይቆጠር። ሌሊቱን ያደረ ባለሙያ ጠዋት ሞተር ብስክሌት እየነዳ አይሂድ።

እንግዲህ መጽሐፉ ቢነበብ ይጠቅማል፤ ቁጥሮቹ ግን ሳይመረመሩ ለታካሚ ሊነገሩ አይገባም። ተርጓሚ ከተገኘለት የ2019ኙን ትችት ያገናዘበ መግቢያ ያስፈልገዋል። በካርድ ክፍልና በምርመራ ክፍል መካከል የቆመውን ሰው የሚረዳው ግን የመጽሐፉ ቁጥር ሳይሆን ጥያቄው ነው፤ ያውም እርሱ ራሱ «ነሳኝ» ብሎ በጀመረው ቃል።