ዋስ የሌለው ካሳ

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የልዩ ልዩ አገሮችን ሕግ የሚያወዳድር ጥናት ይዛለች። መንገድ፣ ግድብ፣ የማዕድን ጉድጓድ ወይም የመኖሪያ ሰፈር ሲሠራ ለሚጠፋው ብዝኃ ሕይወት ማን ነው የሚክሰው? ምን ያህልስ? ነው ጥያቄዋ። ረቂቁን የላከችልኝ ስለ ወፍና ስለ ደን ያውቃል ብላ አይደለም። «ጋሼ፣ አማርኛውን ብቻ እዩልኝ» ነው ያለችው። በተለይ ያስቸገራት አንድ ሐረግ ነበር። የዚህ ሙያ ሰዎች እንደ ጸሎት የሚደጋግሙት የእንግሊዝኛ ሐረግ ሲሆን፣ እንዳለ ቢመለስ «የተጣራ ኪሳራ የለም» ይሆናል።

የተጣራ ኪሳራ! ይኼ እንግዲህ የነጋዴ ቋንቋ ነው። እዚህ ያጠፋሁትን እዚያ ካለማሁት ጋር አቻችሉልኝና ሒሳቡ ዜሮ ከመጣ ዕዳ የለብኝም፣ ማለት ነው። ሐረጉን ለመተርጎም ስል ሕጎቹንና የግምገማ ሰነዶቹን ማንበብ ጀመርኩ። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው መጥፎ አመል አለበት፤ የመብራት ደረሰኝ እንኳ ቢሰጡት ተራኪው ማን ነው ብሎ ይመረምራል። እኔም እነዚህን ሰነዶች ያነበብኳቸው እንደዚያው ነው። (የምጠራቸው ዓመታት፣ «በእኛ» ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካ በ1972 ባወጣችው የውኃ ሕግ መሠረት ረግረጋማ መሬት ደፍኖ መሥራት የፈለገ ሰው ፈቃድ ማውጣት ነበረበት፤ ከዚያ ውስጥ ነው ቀስ በቀስ «የደፈንከውን ያህል ሌላ ቦታ ፍጠር» የሚለው ግዴታ የበቀለው። ጀርመን በ1976 የተፈጥሮ ጥበቃ ሕጓን አወጣች። የጀርመኑን ወድጄዋለሁ። የሚቆጥረው ዕፅዋቱንና እንስሳቱን ብቻ አይደለም፤ የመልክዓ ምድሩ ውበትም ከሚካሱት ነገሮች አንዱ ነው። ኮረብታ ላይ የንፋስ ኃይል ማማ የሚተክል ድርጅት እይታን በማበላሸቱ ብቻ ገንዘብ የሚከፍልበት ጊዜ አለ። በሌላ አገር ይህን የሚሉት ገጣሚዎች ናቸው፤ እዚያ ግን የመንግሥት ሠራተኛ በቅጽ ላይ ይሞላዋል።

በወረቀት ላይ ሁሉም አገር የሚለው ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ ጥፋቱን አስወግድ፣ ካልቻልክ ቀንስ፣ ከዚያ ያበላሸኸውን ጠግን፣ ሌላ መንገድ ከጠፋ ብቻ ካስ። በተግባር ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በር ላይ እንደሚሰጥ ሰላምታ ቶሎ ያልቃሉ፤ ጨዋታው የሚደራው አራተኛው ላይ ነው።

የድሮ የሰዋስው መምህራን ወደፊት የሚሆነውን ነገር የሚናገረውን ግሥ «ትንቢት» ይሉታል። በእነዚህ ሰነዶች ውስጥ ጥፋቱ ምንጊዜም በኃላፊ ጊዜ ነው የተጻፈው። ተቆረጠ፣ ተደፈነ፣ ተጠረገ። ካሳው ግን በትንቢት ነው። ይተከላል፣ ይጠበቃል፣ ያገግማል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የአውስትራሊያዋን ኒው ሳውዝ ዌልስን እንውሰድ። እዚያ አሮጌ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ግንዱ ውስጥ ያለው ጎድጓዳ አብሮ ይሄዳል። በቀቀኖችና ሌሎች እንስሳት የሚያድሩትና የሚራቡት በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ይህ ዓይነቱ ማደሪያ እስኪፈጠር ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጃል። (እኛ ባሕር ዛፍን የምናውቀው ገና አጠና ሳለ ነው፤ በአገሩ ግን ሸምግሎ እንግዳ ይቀበላል።) ታዲያ ዛሬ ችግኝ ተተክሎ «ተክሷል» ሲባል በቀቀኗ እስከዚያ የት ትደር? የግዛቱ ሕግ ለአልሚው ሁለት መንገድ ሰጥቶት ነበር። ወይ መሬቱን ለመጠበቅ ቃል ከገባ ባለይዞታ የካሳ ነጥብ ይገዛል፤ ወይ ገንዘቡን ለአንድ ፈንድ ከፍሎ እጁን ይታጠባል፣ ነጥቡን የመፈለግ ጣጣ የፈንዱ ይሆናል። የግዛቱ ዋና ኦዲተር በ2022 ጉዳዩን ሲመረምር፣ ከሚፈለገው ነጥብ 90 በመቶ ለሚሆነው የሚመጥን አቅርቦት ገበያው ላይ እንደሌለ ጻፈ። በሌላ አነጋገር ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ግዴታው ከአልሚው ትከሻ ወርዷል፣ ካሳው ግን የት እንዳለ አይታወቅም። ሕጉን በ2024 አሻሽለውታል።

ካሳ በእኛ ዘንድ ከገንዘብ በፊት የእርቅ ቃል ነው። በዳይ አለ፣ ተበዳይ አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ ዋስም አለ። ተበዳዩ «ተቀብያለሁ» ካላለ ነገሩ አልበረደም፤ በዳዩ ቃሉን ካጠፈ ደግሞ የሚያዘው ዋሱ ነው። በብዝኃ ሕይወት ካሳ ላይ ተበዳዩ አፍ የለውም። እንቁራሪት ቀርባ «ይበቃኛል» አትልም። ስለዚህ ስምምነቱ የሚደረገው ምንም ባልተጓደለባቸው ሁለት ወገኖች፣ በአጥፊውና በፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት መካከል ነው። ተበዳዩ ከሌለ የዋሱ ነገር እጥፍ ድርብ ሊጠብቅ ይገባ ነበር።

የእኛዎቹ የመሬት ማስለቀቂያ አዋጆች፣ በእኛ የ1997ቱም ሆነ እሱን የተካው የ2011ዱ፣ የሚክሱት ባለይዞታውን ነው። ከዓመታት በፊት ሰፈራችን ውስጥ መንገድ ሲሰፋ ለጎረቤቴ አጥሩም፣ ጌሾውም፣ አቮካዶውም ተገምቶለት ተከፍሎታል። ከአጥሩ ውጭ የነበረው ትልቅ ወይራ፣ የሰፈሩን ወፍ ሁሉ የሚያስጠጋው፣ የማንም ስላልነበረ ማንም አልተካሰበትም።

ወደ ተማሪዬ ሠንጠረዥ ልመለስ። ሕጉ የወጣበት ዓመት፣ ለአንድ ሄክታር ስንት ሄክታር እንደሚተካ፣ ዓይነት በዓይነት መሆን አለመሆኑ፣ ካሳው የሚጸናበት ዘመን፤ ሁሉም በየዓምዱ ተደርድሯል። በዚህ ሚዛን እንግሊዝ አንደኛ ትወጣለች። በ2021 ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ ከየካቲት 2024 ጀምሮ ግንባታው ተፈጥሮን ከነበረችበት 10 በመቶ አሻሽሎ መገኘት አለበት፤ ይህም ለ30 ዓመት ይጠበቃል። ጥንታዊ ደንን የመሰለው ደግሞ ሊተካ የማይችል ተብሎ ከዚህ ስሌት ውጭ እንዲሆን ተደርጓል። ሕግ «ይኼስ ዋጋ የለውም» ብሎ ሲጽፍ ማየት ያስደስታል። ሆኖም የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያው በ2024 የታተመ ሥራ አላቸው። ከአዲሱ ሕግ በፊት ፈቃድ ወደ ተሰጣቸው 42 የመኖሪያ ሰፈሮች የፈቃዱን ወረቀት ይዘው ሄዱና ቃል የተገባውን አንድ በአንድ ፈለጉት። ይተከላሉ ከተባሉት ዛፎች 39 በመቶው ወይ የሉም ወይ ደርቀዋል። ለወፍና ለሌሊት ወፍ ይሰቀላሉ ከተባሉት ሳጥኖች 75 በመቶው አልተሰቀሉም። ግዴታው እኮ ያኔም ነበር፤ ፈቃዱ ላይ ተጽፏል። የጠፋው ተመልሶ መጥቶ ሳጥኑን የሚቆጥር ሰው ነው። አሥር በመቶ የሚለው ቁጥር ይህን አይፈውሰውም።

ስለዚህ ለተማሪዬ የጻፍኩላት አስተያየት ስለ አማርኛው ሳይሆን ስለ ጎደለው ዓምድ ሆነ፤ «ዋሱ ማን ነው?» የሚል። አሜሪካ በዚህ ዓምድ ከሌሎቹ ትሻላለች። በ2001 የብሔራዊ ምርምር ምክር ቤቷ የረግረጋማ መሬቱ ካሳ ግቡን አለመምታቱን በግልጽ ጻፈ። በ2008 የወጣው ደንብ ካሳውን የሚያለማው ወገን የገንዘብ ዋስትና እንዲያስይዝ፣ ነጥቡንም ባንድ ጊዜ ሳይሆን ሥራው ደረጃ በደረጃ ሲታይ እንዲሸጥ፣ መሬቱን ለዘለቄታው የሚጠብቅ ወገን በስም እንዲታወቅ አዘዘ። ይኼ ዋስ ነው። እሱም ቢሆን ከሕግ በላይ አይደለም። በ2023 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከወንዝና ከሐይቅ ጋር በገጸ ምድር ያልተያያዘ ረግረግ በዚህ ሕግ አይሸፈንም ብሎ ወሰነ። ያልተሸፈነውን የሚደፍን ሰው በፌዴራሉ ሕግ ካሳ አይጠየቅም።

የኡጋንዳው ታሪክ ግን ራሱን የቻለ ድራማ ነው። ጂንጃ ከተማ አጠገብ፣ ነጩ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ፣ ቡጃጋሊ የሚባል ፏፏቴ ነበር። ለቡሶጋ ሕዝብ የመንፈስ ማደሪያ ነው። 250 ሜጋዋት የሚያመነጭ ግድብ ተሠራበትና በ2012 ተጠናቀቀ፤ ፏፏቴው ሰጠመ። መንፈሱን ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ሥነ ሥርዓት እንዲደረግ ገንዘብ ወጥቷል። (የመንፈስ ማዛወሪያ ወጪ በየትኛው የሒሳብ መደብ እንደሚመዘገብ ባየው ደስ ይለኝ ነበር።) ለሰጠመው ተፈጥሮ ካሳ የሆነው ደግሞ ከግድቡ በታች ያለው የካላጋላ ፏፏቴ ነው። መንግሥት በሐምሌ 2007 ከዓለም ባንክ ጋር ባደረገው ውል ካላጋላን ለተፈጥሮውና ለመንፈሳዊ ክብሩ ሲል ሊጠብቀው፣ ያለ ባንኩ ፈቃድም የኃይል ማመንጫ ላይሠራበት ቃል ገባ። በአቅራቢያው ያለውን የማቢራ ደንም ሊጠብቅ። ልብ በሉ፤ ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ በሚያዝያ፣ ይኸው መንግሥት ከማቢራ ሰባት ሺህ ሄክታር ያህሉን ለስኳር ፋብሪካ ሊሰጥ ነው ተብሎ ካምፓላ ላይ ሰልፍ ወጥቶ ሰው ሞቷል።

በ2013 ከካላጋላ በታች ኢሲምባ የሚባል ሌላ ግድብ ተጀመረ። 183 ሜጋዋት ነው፤ በ2019 ተመረቀ። ውኃው ወደ ኋላ ተኝቶ ካሳ የተባለውን የካላጋላ አካባቢ በከፊል ዋጠው። በ2018 ውሉ ተሻሽሎ የካሳው ክልል እንዲሰፋ ተደረገ። ለካሳው ካሳ መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ የ2007 ውል በመሠረቱ የተጻፈው ለፏፏቴው ተብሎ አይደለም። ለግድቡ ገንዘብ ያበደሩ የንግድ ባንኮች እንዳይከስሩ የዓለም ባንክ 115 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ገብቶ ነበር፤ ካላጋላ በዚያ የዋስትና ውል ውስጥ የገባች አንድ አንቀጽ ናት። ዋስ አልጠፋም ማለት ነው። ለአበዳሪዎቹ ነበራቸው።

ይህን ሁሉ ስል ካሳ የትም አልተሳካም ማለቴ አይደለም። ምሥራቅ ማዳጋስካር ውስጥ አምባቶቪ የተባለ የኒኬል ማዕድን ወደ 2,000 ሄክታር ደን ጠርጎ፣ በምትኩ ሊመነጠሩ ይችሉ የነበሩ ሌሎች አራት ደኖችን ለማስጠበቅ ተስማምቷል። የባንጎር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 ባሳተሙት ጥናት ሌላ አካባቢ ካለ ተመሳሳይ ደን ጋር እያነጻጸሩ ቢቆጥሩ፣ እስከ 2020 መግቢያ ድረስ ከጠፋው 79 በመቶው ያህል ተርፎ አገኙት፤ በ2021 መጨረሻም ጥፋቱ ሳይካካስ እንደማይቀር ገመቱ። አበዳሪዎቹም፣ ተመራማሪዎቹም ዓይናቸውን ያልነቀሉበት ቦታ ነውና ይኼ አይገርምም።

ደኑ የተረፈው ግን ሰው እንዳይመነጥረው ስለተከለከለ ነው። የተከለከለውም ማዕድኑን ያላወጣ፣ ኒኬል በእጁ ያልነካ የጫካ ዳር ገበሬ ነው። በዚያው አካባቢ አንካሬና በተባለው ደን ዙሪያ ያሉትን መንደሮች ያጠኑ ሰዎች በ2017 እንደጻፉት፣ ለገበሬዎቹ መተዳደሪያ ይሆናሉ የተባሉት የልማት ሥራዎች ከክልከላው ዘግይተው ነው የደረሱት፤ ሲደርሱም ብዙ ጊዜ ያገኙት በክልከላው ይበልጥ የተጎዱት አልነበሩም። አዲስ ማሳ መመንጠር የቀረባቸው ቤተሰቦች ክልከላው በወጣበት ዓመትም ሩዝ መብላት ነበረባቸው።