ሰፊ ሸራና የባሌ ደጋ

የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ከትንሽ ሸራ ወደ ሰፊው ሲሸጋገር የሚገጥመው ፈተና ብዙውን ጊዜ የመጠን ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ነገሩ ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። በአንድ ክንድ ሸራ ላይ ሕያው የነበረ የብሩሽ አሻራ በአራት ክንድ ሸራ ላይ እንዳለ ሲደገም የሐሳብን ማነስ ያጋልጣል።

እንግሊዛዊው ጆን ኮንስታብል ይህን ተረድቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1819 ጀምሮ ወርዳቸው ሁለት ሜትር ገደማ የሆኑ የገጠር ሥዕሎችን ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ ለዋና ዋናዎቹ በዚያው መጠን የቀለም ንድፍ አስቀድሞ ይሠራ ነበር። ሰፊው ሥዕል ለእርሱ ራሱን የቻለ ድርሰት ነበር ማለት ነው።

በአገራችን ሰፊ ሥራ እንግዳ አይደለም። የአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የመስታወት ሥዕል አቁመዋል። በእነዚህ ሥራዎች ግን ስፋቱን የተሸከመው ሰው ነው፤ ቅዱሱ፣ ጀግናው፣ ችቦ የያዘው ቤተሰብ። ምድር የእነርሱ መቆሚያ ከመሆን እምብዛም አላለፈችም።

ምድርን ራስዋን ባለጉዳይ ለማድረግ ለሚነሣ ሠዓሊ እንደ ባሌ ደጋ የሚፈትን ሥፍራ ጥቂት ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የአስታውን ጫካ አልፎ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሆነው የሳነቴ አምባ ያወጣል። የቱሉ ዲምቱ ከፍታ 4,377 ሜትር ቢሆንም፣ ከአምባው ላይ ሲያዩት ለስላሳ ጉብታ ይመስላል፤ ቅርብ የቆመች አንዲት ጅብራ በዓይን ትበልጠዋለች። የሰሜን ተራሮችን ገደል የለመደ ዓይን እዚህ የሚይዘው ያጣል፤ የሳነቴ ግዝፈት በአግድም የተዘረጋ ነውና። በደቡቡ ጠርዝ ደግሞ ምድሩ በድንገት ወደ ሐረና ደን ያዘቀዝቃል፤ ጉም ሲነሣም አድማሱ ራሱ ይሰወራል።

እንግዲህ ጅብራን ከፊት፣ ቀይ ቀበሮን ከመካከል፣ ተራራን ከኋላ መደርደር ፖስታ ካርድን ከማስፋት አያልፍም። ሰፊው ሸራ የሚጠይቀው ባዶ የሚመስለውን ሜዳ በብርሃንና በቀለም ልዩነት መሙላትን ነው።

ሌላም ኃላፊነት አለ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚሁ ምድር ግን ከብቱን የሚያሰማራ ሰው አለ፤ የግጦሹም ጫና የታወቀ ነው። ሠዓሊው ለውበት ሲል እረኛውን ከሸራው ቢያወጣው፣ ሥዕሉ ሰፍቶ እውነቱ ይጠብባል። ትልቅ ሥራ የሚባለው ይህን ክርክር ሳይሸሽ ሊሸከም የሚችለው ነው።