ለልጅ መልስ የተተወ ቦታ

ደልጊ በጣና ሐይቅ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ላይ ናት። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ጎርጎራ የሚገባው መርከብ ለብዙ ዓመታት በመንገዱ ላይ የሚነካት ወደብ ነበረች። እዚህም እንደ ሌላው የአማራ አገር ሁሉ ከብቱ ገብቶ እራት እስኪቀርብ ድረስ ያለችው ሰዓት የልጆች ናት። አንዷ ልጅ «እንቆቅልሽ» ትላለች። ሌላዋ «ምን አውቅልሽ» ትላለች። ጥያቄው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህችን መክፈቻ ቀረብ ብዬ ባየኋት ቁጥር አሠራሯ ይደንቀኛል። «ምን አውቅልሽ» የሚለው ቃል መልስ አይደለም፤ ለመጫወት መስማማት ነው። እስኪመጣ ድረስ ጠያቂዋ አንድ እርምጃ መራመድ አትችልም፣ ትጠብቃለች። የመልሱ ድምፅ ደግሞ ከጥሪው ድምፅ ተቀርጾ የወጣ ስለሆነ ገና አፉን በመፍታት ላይ ያለ ሕፃን እንኳ አይስተውም። ጥሩ አናጢ ወጋግራውን ከምሰሶው ሲያገጥም ምስማር እንደማያስፈልገው ነው።

ተጠያቂዋ ካላወቀች «አገር ስጪኝ» ትባላለች። ጎንደርን ትሰጣለች። አነሰኝ ከተባለች ባሕር ዳርን ትጨምራለች። አገሩን የተቀበለችው ልጅ ወዲያው ሌላ ሰው ትሆናለች፤ አንገቷ ይቀናል፣ ድምፅዋ ይወፍራል። እዚያ አገር ገብታ የበላችውን፣ የጠጣችውን፣ እልል ብሎ የተቀበላትን ሕዝብ ትዘረዝርና ያላወቀችውን ጓደኛዋን በስድብ ታጥባታለች። የእንቆቅልሹን ፍቺ የምትናገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፍቺው ከትወናው ኋላ መቀመጡ ትልቅ ብልሃት ነው። አድማጭ ስድቡን ታግሦ የሚሰማው ፍቺውን ስለሚፈልግ ነውና ተመልካቹ ከመቀመጫው አይነሣም። ስድቡም ሕግ አለው፤ ተሰዳቢዋ ነገ ተራዋ እንደሚደርስ ታውቃለች፣ አትቀየምም። ያለ ጽሑፍ መተወንን ለማስተማር የዓለም የቴአትር ትምህርት ቤቶች ስንት ልምምድ ያዘጋጃሉ! የእኛ ልጆች ያንኑ በምድጃ ዳር ያደርጉታል።

ይህን የምጽፈው በደልጊና በመሰል የሐይቁ ዳር ከተሞች ለትንንሽ ልጆች የቴአትር ክበብ ሊጀምሩ የሚያስቡ መምህራንና ወላጆች እንዳሉ ስለማስብ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ጭንቀት መድረክ፣ መጋረጃ፣ ማይክራፎን ነው። ባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለ፣ አዲስ አበባ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር አለ፤ የደልጊ ልጅ ግን እነዚያን ሳይጠብቅ የሚነሣበት መሠረት በእጁ ነው።

መሠረቱን እንዴት ወደ ሌላ ቤት ማሻገር እንደሚቻል በግልጽ ያሳዩን አባባ ተስፋዬ ናቸው። ተስፋዬ ሳህሉ ባሌ ውስጥ ተወልደው፣ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ተጫውተው፣ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮርያ ዘምተው፣ ማሲንቆውንም ምትሃቱንም ችለው ነው ወደ ልጆች የመጡት። ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ እሳቸው ከ40 ዓመት በላይ በዚያ መስኮት ተረት ነገሩ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አረፉ። እኔ የማደንቀው አንዲት ትንሽ ነገራቸውን ነው። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ይሉና ዝም ይላሉ። ዝምታው አንድ ልጅ በጎረቤት ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ «ጤና ይስጥልኝ አባባ ተስፋዬ» ብሎ እስኪጨርስ ድረስ ልክ ይበቃል፤ አያጥርም፣ አይረዝምም። ካሜራ አይሰማም፣ እሳቸው ግን የሰሙ ያህል ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይቀጥላሉ። የምድጃ ዳሯ «ምን አውቅልሽ» ቦታዋን ሳትለቅ ወደ ቴሌቪዥን ገባች ማለት ነው። ሴት ሆኖ የተወነ፣ ወታደር ሆኖ የዘመተ ሰው ሙያው ሁሉ ተጨምቆ በዚያች ዝምታ ውስጥ ይታየኛል።

ሌላዋ ምሳሌ በአሻንጉሊት የተሠራችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ናት። ብሩክታዊት ጥጋቡ መምህርት ነበረች፤ ከባለቤቷ ጋር የጀመረችው ይህ የልጆች ዝግጅት በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሽልማትን አግኝቷል። ፀሐይ ቀጭኔ ናት፣ የተሠራችውም ከካልሲ ነው። ምርጫውን ልብ በሉልኝ! ካልሲ ውስጥ የገባ ክንድ ራሱ ረጅም አንገት ነው፤ አንበሳ ቢሆን ወይም ላም፣ ክንዱን መደበቅ ግድ ይሆን ነበር። ፊቷ አይኮሳተርም፣ ቅንድቧ አይነሣም፤ ማዘኗንም መደነቋንም የምንረዳው ከእጅ አንጓ ዘንበል ማለት ነው። የቀረውን ስሜት ልጁ ከራሱ ይሞላላታል። ለነገሩ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት፣ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ»፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ ነበር፤ ቴአትራችን እንስሳትን እያናገረ ነው የተወለደው።

በልጅነቴ በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ ሽማግሌ ሆኜ ተውኛለሁ። የጥጥ ጢም ተለጥፎልኛል። መምህራችን የጻፉትን ሦስት ገጽ ምክር ቃል በቃል አጥንተን፣ ተሰልፈን፣ ፊታችንን ወደ ወላጆች አዙረን በየተራ እንናገር ነበር። አጠገቤ የቆመችው ልጅ ቃሏ ጠፋባት። ከተጻፈው ውጭ መናገር ስላልተፈቀደልን ማናችንም ልንረዳት አልቻልንም፤ ሁላችንም ደርቀን ቀረን፣ እሷም አለቀሰች። ያቺው ልጅ ማታ እንቆቅልሽ ስንጫወት ጎንደርን ተቀብላ ስትነግሥ የሚያስቆማት አልነበረም። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ጽሑፉ ለልጅ የሚሆን አንዲት ቀዳዳ እንኳ አልተተወበትም ነበር።

ስለዚህ የደልጊው ክበብ በቃል ጥናት ባይጀምር እመርጣለሁ። ትምህርት ቤቱ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ካለው ድምፅ ማጉያውን ለጊዜው እዚያው ይተወው። አሥር ወይም አሥራ ሁለት ልጆች፣ አንድ የዛፍ ጥላ፣ ከብት ጥበቃና ትምህርት የማይሻሙት ሰዓት ይበቃል። ዕቃ ከተፈለገ ሐይቁ ደንገል አለው። ከእሱ ታንኳ እንዴት እንደሚሠራ ያዩ ልጆች ናቸው፤ ነዶው እየተጠቀለለ ይታሰራል፣ ጫፉ ወደ ላይ ይቀሰራል፣ ውኃ ስለሚጠጣ ደግሞ ከሥራ በኋላ ቆሞ ይደርቃል፣ ጥቂት ወራት አገልግሎ በአዲስ ይተካል። በዚህ ሙያ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው የሐይቁ ዳር ሰዎች፣ ነገደ ወይጦ ናቸው። ከእነሱ አንድ ባለሙያ ጋብዞ ሁለት ልጅ የምትይዝ የመድረክ ታንኳ ማሠራት ከማንኛውም የተቀባ መጋረጃ ይበልጣል። እየታሰረች ሳለ ልጆቹ የሚጠይቁት ጥያቄ ራሱ የመጀመሪያው ትዕይንት ነው።

የቡድን ሥራንም የሚማሩበት ሩቅ አይደለም። ነሐሴ 13 ለቡሄ ከደጅ የሚቆሙትን ልጆች አስተውሉ፤ አውራጁ አንድ ነው፣ ተቀባዮቹ ዱላቸውን እኩል መሬት ላይ ያሳርፋሉ፣ ሙልሙሉን የሚይዘው ኮሮጆ ያዥ አስቀድሞ ተመርጧል። ለባለቤቱ ውዳሴ፣ ስጦታው ሲዘገይ ግፊት፣ ሲመጣ ምርቃት። አውራጁ የባለቤቱን ስምና ጠባይ እየጨመረ በየደጁ ግጥሙን ይለውጣል። ከበሩ ወዲያ የሚሰማውን ኮቴ እያዳመጠ ማርዘሙንም ማሳጠሩንም ይወስናል፤ ይህን ማንም ተቀምጦ አላስተማረውም፣ አምና ከተቀባዮቹ አንዱ ሆኖ አይቶ ነው።

በክበቡ የመጀመሪያ ቀን አንዲት ትንሽ ልጅ ከጥግ ተቀምጣ አፈር ትጭር ይሆናል። መሪዋ ወደ እሷ ዞራ «እንቆቅልሽ» ትበል፤ ከዚያም ዝም ትበል። ሌሎቹ ልመልስ ልመልስ ይላሉ፣ እጃቸውን ያወጣሉ። መሪዋ ዓይኗን አታንሣ፣ ጥያቄውንም አትድገመው። የልጅቷ ጣት አፈሩን መጫር ያቆማል፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ምን አውቅልሽ።»