ሰሙ የተጣለበት ውሃ፦ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ከአምቦ ሲነበብ

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ስለ ሂስ ሲነሣ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ከአሪስጣጣሊስ ይጀመራል፤ የወንጌል አንድምታ ግን የቤተ ክህነት ጉዳይ ነው ተብሎ ይታለፋል። ይህ ልማድ ምን እንደሚያሳጣን በአንድ ምዕራፍ፣ በሳምራዊቷ ሴት ታሪክ፣ ለማሳየት እሞክራለሁ።

በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ኢየሱስ ለሴቲቱ የሚነግራት ስለ «የሕይወት ውኃ» ነው። እርሷ ደግሞ ስለ መቅጃና ስለ ጉድጓዱ ጥልቀት ትጠይቃለች። አማርኛውን ብቻ የያዘ አንባቢ ሴቲቱን ነገር የማይገባት አድርጎ ቢወስዳት አይፈረድበትም። የግሪኩ ቃል ግን «ሕያው ውሃ» ነው፤ ይህም በዕብራይስጥ እንደሚታየው ላልታቆረ፣ ከምንጭ ለሚፈልቅ ወይም ለሚወርድ ውሃ የሚሰጥ የዘወትር ስም ነበር። ስለዚህ ሴቲቱ የሰማችው «የምንጭ ውሃ» ነው፤ ጥያቄዋም የአስተዋይ ሰው ጥያቄ ነው። ግሪኩ በቁጥር 6 የያዕቆብን ውሃ «ምንጭ» ይለዋል፤ ሴቲቱ በቁጥር 11 «ጉድጓድ» ትለዋለች፤ ኢየሱስ በቁጥር 14 ወደ «ምንጭ» ይመልሰዋል። አማርኛው ገና በቁጥር 6 «ጉድጓድ» በማለቱ ይህ ምልልስ ተቋርጧል። ባለቅኔ ቢጠየቅ ሰምና ወርቅ ነው ይላል፤ ሰሙ የምንጭ ውሃ፣ ወርቁ ሕይወት። ተርጓሚዎቹ ወርቁን አውጥተው ሰሙን ጣሉት።

«የሕይወት ውኃ» የግዕዙን «ማየ ሕይወት» የተከተለ ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን ግዕዙ በጉባኤ ቤት ብቻውን አይነበብም፤ መምህር አለው። መምህሩ ንባቡን ያሰማል፣ ነጠላ ትርጉሙን ይሰጣል፣ ከዚያም «አንድም» እያለ ሌላ ፍች ይደርባል፤ ፊተኛውን አይሽርም። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ያለ መምህር ወጣ። በጎንደር ጉባኤ ቤቶች የጎለመሰው፣ የታች ቤቱ ፈለግ ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋር የሚነሣው ይህ ስልት በቃል ሲወርድ ቆይቶ፣ የአራቱ ወንጌል አንድምታ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታተመ። ሮጀር ካውሊ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ትርጓሜው ከአንጾኪያ ትውፊት ጋር ያለውን ዝምድና በሰፊው አሳይቷል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ትኩረቱ ግን በፍቹ ምንጭ ላይ ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ «አንድም» የምትለው ትንሽ ቃል የምትሠራው ሥራ ነው። ለዚህም ምዕራፍ የምታስፈልገው እርሷ ናት፦ የምንጭ ውሃ፤ አንድም ሕይወት።

ወደ አምቦ የምመጣው ለዚህ ነው። ከተማዋ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ትባል ነበር፤ ያስጠራት ደግሞ ከመሬት እየፈላ የሚወጣው ማዕድናዊ ውሃዋ ነው። ውሃና ሕይወት በስሟ ሳይቀር የተገናኙባት ከተማ ናት። ኦሮምኛ ተናጋሪው ከብት የሚያጠጣበትን እንዲህ ያለ ምንጭ «ሆራ» ይለዋል። ከጉደር፣ ከጌዶ ወይም ከግንጪ ለመጣ ተማሪ በምንጭና በጉድጓድ መካከል ያለው ልዩነት ማብራሪያ አያሻውም፤ ሰሙን ከቤቱ ይዞት መጥቷል። የሚያስቸግረው የአንድምታው አማርኛ ነው፤ የጎንደር ጉባኤ ቤት አነጋገር ነውና ለአማርኛ አፍ ፈቺውም ቢሆን አይቀልም።

የዚህ ተማሪ ሀብት ግን ሁለት ቋንቋ ማወቁ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሠርቶ በ1899 እ.ኤ.አ. በግዕዝ ፊደል ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ አለ። እርሱን፣ የ1916ቱን አንድምታና የ1954ቱን አማርኛ ጎን ለጎን ዘርግቶ የሚመረምር የድኅረ ምረቃ ጽሑፍ ከምዕራብ ሸዋ ቢመጣ አማካሪ ለመሆን ደስ ይለኛል። ከቁጥር 6 ይጀምር።