ጥቆማ

«ወንድሜ፣ እባክህ ይህን ልጅ ምከርልኝ። ቁም ነገር ያለው መጽሐፍ ስጥልኝና ያንብብ።»

ሴትዮዋ ልጃቸውን በክርኑ ይዘው ነው የመጡት። ቢበዛ ዐሥራ አራት ዓመት ይሆነዋል። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣ በነፃ እጁ ከጀርባው ወደ ፊት የሚነበብ የጃፓን ባለ ሥዕል መጽሐፍ፣ ማንጋ የሚሉትን፣ ጭኑ ላይ ለጥፎ ደብቋል። እናቱ ግን አይተውታል። «ይሄማ ሥዕል ነው! ይሄም ንባብ ሆኖ ነው?»

መከራከር አልፈለግሁም። «እትዬ፣ ፍቅር እስከ መቃብርን ያውቁታል?» አልኳቸው።

«እንዴታ! በዛብህን የማያውቅ አለ?»

«አንብበውት ነው ወይስ ሰምተውት?»

ትንሽ ዝም አሉና ሳቁ። «ከወጋየሁ ነዋ የሰማሁት፤ በሬዲዮ።»

የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው ግን መጽሐፉን በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ለሰብለ ወንጌል አዘነ። ያ ሰው አላነበበም ብሎ የሚከስ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እናት በጆሮ የገባችበትን ቤት ልጅ በሥዕል ቢገባበት ምን ነውር አለው? አልኳቸው። ሴትዮዋ መልስ አልሰጡኝም፤ የልጁን ክርን ግን ለቀቁት።

የምሠራው ቶሮንቶ፣ ኤግሊንተን ዌስት አካባቢ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከታዳጊ ወጣቶች ጋር ነው። ሰፈሩን ትንሿ ጃማይካ ይሉታል፤ ፀጉር ቤቱ፣ ሬጌው፣ ከምድጃ የወጣው የፓቲ፣ የጃማይካውያኑ ሳንቡሳ፣ ሽታ ስሙን ይመሰክሩለታል። በሰፈሩ የሚያልፈው የባቡር መስመር ቁፋሮ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዐሥር ዓመት በላይ መንገዱ ታጥሮ ሲቆይ ስንቱ ሱቅ ተዘጋ። ቁፋሮው ሲጀመር ገና ያልተወለዱ ልጆች ናቸው ዛሬ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ቦርሳቸውን እየጎተቱ የሚመጡት። ምንም ሳይገዙ የሚቀመጡበት፣ ማንም «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ የማያስነሣቸው ቦታ ብዙ የላቸውም። የከተማው ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2022 የመዘግየት ቅጣትን ለሁሉም ካነሣ ወዲህ ደግሞ መጽሐፍ ወስዶ መርሳት ወላጅ የሚያስጠራ ወንጀል መሆኑ ቀርቷል።

ከዳፍሪን ጎዳና መገናኛ አጠገብ ያለው ቅርንጫፍ ማሪያ ኤ. ሹካ ይባላል። የሐበሻ ልጆች ስሙን ሲሰሙ የሚስቁበትን ምክንያት ላልገባቸው ጓደኞቻቸው በእጃቸው የመብያውን ሹካ እየሠሩ ያስረዳሉ። እዚያው ውስጥ ከትሪኒዳድ የመጡት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያና ተረት ተራች ሪታ ኮክስ እ.ኤ.አ. በ1973 የጀመሩት የጥቁሮችና የካሪቢያን ቅርስ ስብስብ ይገኛል። ከተማው ውስጥ ይህን ስብስብ የያዙት አራት ቅርንጫፎች ናቸው፤ አንዱ ይህ ነው።

ስለ ሙያዬ የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር በሁለት የአማርኛ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ነው፦ መምከርና መጠቆም። እኛ ዘንድ ለታዳጊ መጽሐፍ መስጠት ከምክር ተለይቶ አይታይም። ምክርን ደግሞ እንዴት እንደምናስከትለው የታወቀ ነው፤ ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው። ጥቆማ ግን፣ ፖሊስ ጣቢያ አካባቢ ስሙ ትንሽ ቢጠፋም፣ ጨዋ ቃል ነው። ጠቋሚው ጣቱን ይዘረጋል፣ ያሳያል፣ ጣቱን ይሰበስባል። መሄድ አለመሄዱ የሌላው ፈንታ ነው። እኔም ጣቴን መሰብሰብ እስክማር ድረስ ብዙ አጥፍቻለሁ።

ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን የሐበሻ ልጅ ባየሁ ቁጥር ስለ ኢትዮጵያ የሚያወራ መጽሐፍ ነበር የምመዘው። ለአንዲት የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የማዛ መንግሥቴን «ዘ ሻዶው ኪንግ» ሰጠኋት። ጣሊያንን የተዋጉ ሴቶች ታሪክ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ የሆነ መጽሐፍ፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች ብዬ። በሦስተኛው ሳምንት መለሰችው። «ጥሩ ነው» አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። ከዚያ በኋላ ስትመጣ በእኔ ጠረጴዛ በኩል አታልፍም፤ በኮምፒውተሮቹ ዞራ ነው የምትገባው። ዞራ የምትሄደው ወደ ድራጎኖቹ መደርደሪያ ነበር። የመጽሐፉ ጥፋት አልነበረም፤ ለዐዋቂ የተጻፈ፣ ጦርነቱንም ሴቶቹ ላይ የደረሰውንም የማይሸሽግ ሥራ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጅቷ ክንፍ ያለው ነገር ስትፈልግ እኔ የማንነት የቤት ሥራ ሰጠኋት።

አሁን «ምን ማንበብ ትወዳለህ?» ብዬ አልጠይቅም። ፈተና ይመስላል፤ ልጁም ልክ ነው የሚለውን መልስ ፍለጋ ጣራ ጣራ ያያል። የምጠይቀው «ጀምረህ የተውከው መጽሐፍ አለ? የት ላይ ሰለቸህ?» ብዬ ነው። ይህን ሲሰማ ሁሉም አንደበተ ርቱዕ ይሆናል። አሜሪካዊቷ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናንሲ ፐርል አንባቢ ወደ መጽሐፍ የሚገባባቸው አራት በሮች አሉ ትላለች፦ ታሪኩ፣ ገጸ ባሕርያቱ፣ ቦታውና ቋንቋው። ልጁ የተወውን መጽሐፍ ሲያማ የትኛው በር እንደተዘጋበት ይነግረኛል።

ባለ ማንጋውንም እንዲሁ ጠየቅሁት። «ገጹ በጽሑፍ ሲሞላ ዓይኔ ይደክማል» አለ፣ እናቱ እንዳይሰሙ ዝቅ አድርጎ። ስንፍና አይደለም፤ መረጃ ነው። ሦስት መጽሐፍ አመጣሁ። አንደኛው የያዘው ማንጋ ተከታይ ቁጥር፣ የሚወደውን እንዳልናቅሁበት እንዲያውቅ። ሁለተኛው ለሚወደው የሚቀርብ፣ የቅርጫት ኳስ የሚጫወቱ መንትዮችን ታሪክ በግጥም የሚያወራው የክዋሜ አሌክሳንደር «ዘ ክሮስኦቨር»። ሦስተኛው ያልጠበቀው፣ የጄሰን ሬይኖልድስ «ሎንግ ዌይ ዳውን»። ይህም በግጥም ነው፤ ከገጹ የሚበዛው ነጭ ነው። ወንድሙ የተገደለበት የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሽጉጥ ወገቡ ላይ ሽጦ ሊበቀል ይወጣል፤ ታሪኩ የሚያልቀው ሊፍቱ ምድር እስኪደርስ ባለችው አንድ ደቂቃ ውስጥ ነው። የጀርባውን ማስታወቂያ አላነበብኩለትም። የመጀመሪያውን ገጽ ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና የማስተካክለው መደርደሪያ እንዳለ ሰው ሄድኩ። መሄዱ የሥራው ግማሽ ነው። ቆሜ ካየሁት ለእኔ ብሎ ይወስዳል። ስመለስ ጠረጴዛው ላይ የቀረው የመንትዮቹ መጽሐፍ ብቻ ነበር።

ቁም ነገር ያለው መጽሐፍ የሚሉኝን ወላጆች ሳስብ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ትዝ ይለኛል። የነገሌ ቦረና ልጅ ነው። ከትምህርት ቤት ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበበው በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ እሱም «ላቭ ኪተን» የሚባል የፍቅር ልብ ወለድ። በስደት አሜሪካ ገብቶ ሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነ፣ አገሩ ተመልሶም እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ቀጥሎም አዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ እየጫነ ልጆቹ ድረስ ወሰደ። ያን የፍቅር መጽሐፍ ከእጁ ነጥቆ ቁም ነገር የሚሰጠው አዋቂ አጠገቡ ቢኖር ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

እዚህ ኦንታሪዮ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ለመጨረስ የ40 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ግዴታ ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎች ወደ እኛ የሚመጡት ለዚያች ፊርማ ነው፤ እኔም አላፍርበትም። ወንበር ከማስደርደር ይልቅ የፊት ለፊቱን መደርደሪያ እሰጣቸዋለሁ፤ መጽሐፎቹን መርጠው ሽፋናቸውን ወደ ውጭ አድርገው ያቆማሉ። የአንድ ታዳጊ ጥቆማ የእኔን ዐሥር ያስንቃል።

ወላጆቿ ከጃማይካ የመጡ አንዲት ልጅ ሰዓቷን ስትሞላ የቤንጃሚን ዜፋናያን «ሬፊዩጂ ቦይ» መሃል ላይ አቆመችው። «ይሄ ስለ እናንተ ሰዎች ነው፤ አላነበብከውም?» አለችኝ። አላነበብኩትም ነበር። አባቱ ኢትዮጵያዊ እናቱ ኤርትራዊት የሆነ ዓለም የሚባል ልጅ፣ ሁለቱ አገሮች ሲዋጉ አባቱ ለንደን አምጥቶት ጥሎት ይመለሳል። የጻፈው በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ማንበብና መጻፍ በቅጡ ሳይችል ከትምህርት የወጣ፣ እናቱ ጃማይካዊት የሆነች የበርሚንግሃም ባለቅኔ ነው። ልጅቷ ይህን ሁሉ አልነገረችኝም። በአገጯ አሳየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሳላስተምራት ታውቅበታለች።

«ሎንግ ዌይ ዳውን» በመመለሻው ሳጥን ነው የመጣው፤ ልጁን አላየሁትም። ስገልጠው፣ ሊያልቅ ጥቂት ገጾች ሲቀሩት፣ ከዳር በኩል ቢጫ ቅባት አለ። የፓቲ ቅባት ነው፤ እዚህ ሰፈር የሚሠራ ሰው አይስተውም። እየበላ እንኳ አላስቀመጠውም ማለት ነው። ቅባት የነካውን መጽሐፍ ለይቼ ማስቀመጥ ነበረብኝ። በሶፍት ጠረግሁትና ሽፋኑን ወደ ውጭ አድርጌ መደርደሪያው ላይ አቆምኩት።