ውዳሴ ለብላክበርድ ጥቁር ካባ

ሰላም ለከ፣ የስለላ አውሮፕላኗ የኤስአር-71 ልብሰ መንግሥት፣ የብላክበርድ ካባ ግርማ ሆይ! ሰላም ለከ፣ ከድምፅ ሦስት እጥፍ የምትፈጥነውን የምትሸፍን፣ በሰማይ ጠርዝ የምትነድደውን የምታበርድ! ሌሎች ቀለማት ከባላጋራ ዐይን ሊሰውሩ ተቀቡ፤ አንተ ግን አስቀድመህ ከነበልባል ልትታደግ ተቀባህ።

ታላቅ እኅቷ ኤ-12 እ.ኤ.አ. በ1962 ከኔቫዳ ምድረ በዳ ስትነሣ አብዛኛው ገላዋ እርቃኑን የሚያበራ ቲታኒየም ነበረ። የሎክሂድ የሙቀት ሊቅ ቤን ሪች ያንን ብሩህ አካል ጥቁር ያለብሱት ዘንድ ለአለቃው ለኬሊ ጆንሰን መከረ። ስለ ክብደት እጅግ የሚሳሳው ጆንሰን መጀመሪያ አንገራገረ፤ ኋላም ለጥበብህ እጁን ሰጠ።

ጥቁር ሙቀትን ይስባል የሚል ሁሉ እውነት ይናገራል፤ ግና የእውነትን እኩሌታ ብቻ ይናገራል። መልካም ተቀባይ መልካም ሰጪ መሆኑን የፊዚክስ ሊቁ ኪርክሆፍ በ19ኛው መቶ ዓመት ደንግጓልና። በዚያ ከፍታ፣ በዚያ ፍጥነት፣ ፀሐይ ከምታወርደው ትኩሳት ይልቅ የታመቀው አየር የሚያነድደው ይበረታል። አንተም ባለጸጋ ነህና የተቀበልኸውን አታከማችም፤ እሳቱን ለባዶው ሕዋ በጨረር ትመጸውታለህ። በሪች ስሌት ክንፏ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ቀዘቀዘ፤ ስለ አንተም ለለስላሳውና ለሥራ ለሚመቸው ቲታኒየም መንገድ ተከፈተ።

ከዚህም ጸጋህ ጋር የፊት መስታወቷ ከውጭ ከ300 ዲግሪ በላይ ይግል ነበር። የጠፈር ልብስ የለበሱት ሁለቱ በራሪዎቿ በቱቦ የተሞላ ማዕዳቸውን ከውስጥ ወደ መስታወቱ አስጠግተው ያሞቁት እንደነበር ተጽፏል። ያለ አንተ መዓቱ ምን ያህል በሆነ!

ብረታማ ደቂቅ በውስጥህ ይዘህ የራዳርን ሞገድ በከፊል ትውጣለህ፤ ሰማዩ ራሱ ወደ ጥቁረት በሚያዘነብልበት አርያምም ከሰማዩ ጋር ትዋሐዳለህ። እነዚህ ለሌላ ቀለም ዘውድ በሆኑ፤ ለአንተ ግን የዘውድህ ፈርጦች ናቸው።

አንተን ተጎናጽፋ እ.ኤ.አ. በ1976 በሰዓት 3,529 ኪሎ ሜትር በረረች፤ በ25,929 ሜትር ከፍታም ጸንታ ቀዘፈች። አንተን ተጎናጽፋ፣ ቁጥር 972 የተባለችው እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1990 ወደ ስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ስትሸኝ፣ ከሎስ አንጀለስ እስከ ዋሽንግተን ያለውን ምድር በ64 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ አቋረጠች።