ስለ ፊት መሸፈኛ፤ «በሕግ ይከልከል» ለሚለው አሳብ የቀረበ ሒስ

ከጥቂት ወራት በፊት በኮሌጃችን አዳራሽ በተደረገ ክርክር «ሙስሊም ሴቶች በአደባባይ ፊታቸውን እንዳይሸፍኑ በሕግ ሊከለከሉ ይገባል» የሚለው አሳብ በብዙ ጭብጨባ አሸንፎ ነበር። አሳቡን የደገፉት ጓደኞቻችን አነጋገራቸው የታረመ፣ ምክንያታቸውም በሦስት ክፍል የተሰናዳ ነበር፤ ይኸውም ስለ ሴቲቱ ነጻነት፣ ስለ ሕዝብ ጸጥታና ስለ አገር ባህል ነው። እኛም በዚያ ምሽት ካጨበጨቡት መካከል እንደ ነበርን አንሸሽግም። ዛሬ ይህን ሒስ የምንጽፈው፣ ከዚያ በኋላ ለዕረፍት ወደ አገራችን ወርደን በእንሴኖ ገበያ ካየነውና ከሰማነው የተነሣ፣ ጭብጨባችን የችኮላ እንደ ነበረ ስለ ተረዳን ነው።

እንሴኖ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ የምትገኝ፣ መስቃንና ማረቆ የሚገናኙባት የበርበሬ ገበያ ናት። በበርበሬ ወራት በገበያዋ መካከል የሚያልፍ ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ አፍና አፍንጫውን በነጠላው ወይም በሻሹ ጫፍ ይሸፍናል፤ ያልሸፈነ እንደ ሆነ ሲያስነጥስ ይውላል። ስለዚህ ፊትን መሸፈን ብቻውን በዚያ አገር ማንንም አያስደነግጥም።

በዚሁ ገበያ ከቤተ ሰባችን ጋር የቆየ ወዳጅነት ያላቸው አንዲት በርበሬ ሻጭ እናት አሉ። እርሳቸው እንደ ዕድሜ እኩዮቻቸው ጠጕራቸውን በሻሽ አስረው ነጠላ ይደርባሉ እንጂ ፊታቸውን ሸፍነው አያውቁም። ሴት ልጃቸው ግን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች ኒቃብ መልበስ ጀመረች። የኮሌጁን ክርክር በሰፊው ከነገርናቸው በኋላ «እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጄ፣ እኔም አልወደድሁላትም፤ የልጄን ፊት ማየት እወዳለሁ። ነገር ግን ዘበኛ በር ላይ አቁሞ አውልቂ ቢላት ተመልሳ እቤት ትቀመጥብኛለች። ያን ጊዜ ፊቷን የማይ እኔ ብቻ ነኝ፤ ምን ይጠቅመኛል?» አሉን። ከዚህ ንግግር ጋር የሚመዛዘን ቃል በዚያ የክርክር ምሽት አልሰማንም።

ተከራካሪዎቹ ቀዳሚ ያደረጉት የነጻነትን ምክንያት ነው። ኒቃብ በባል ወይም በወንድም ግፊት የሚለበስበት ቤት መኖሩን እኛም አንክድም። ነገር ግን የሚደገፈው ሕግ የሚቀጣው ማንን ነው? አስገዳጁን ትቶ ተገዳጂቱን ነው። በምሳሌነት የተጠቀሰው የፈረንሳይ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ ከአፕሪል 2011 ጀምሮ የሚሠራበት ሲሆን፣ ፊቷን ሸፍና በአደባባይ የተገኘችውን ሴት እስከ 150 ዩሮ ያስቀጣታል። እርግጥ ነው፣ ሌላውን ሰው አስገድዶ ያስሸፈነም በአንድ ዓመት እስራትና በ30,000 ዩሮ እንዲቀጣ ያዝዛል። ከሕጉ ሁሉ ለአገራችን ይበጃል የምንለው ይህንኑ ክፍል ብቻ ነው፤ በዚያ ምሽት ግን ያነሣው ሰው አልነበረም።

ከዚህም በላይ ነገሩ ወደ አውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ቀርቦ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወሰን፣ ዳኞቹ ሕጉን ባያፈርሱትም የጾታ እኩልነትን ምክንያት አልተቀበሉትም። ሴቶች ራሳቸው የሚሟገቱለትን ልማድ በሴቶች እኩልነት ስም መከልከል አይቻልም ብለዋል። ሕጉ የጸናው «አብሮ መኖር» በሚለው ምክንያት ነው። ይኸው ሕግ ወደ ተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በቀረበ ጊዜም ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ2018 ፈረንሳይ የሁለት ሴቶችን መብት ጥሳለች ሲል ወሰነ። እንግዲህ ጓደኞቻችን በፈረንሳይ ስም የጠሩት ምክንያት በዚያው በፈረንሳይ ጉዳይ ላይ የወደቀው ምክንያት ነው።

ነጻነትን በፖሊስ እጅ ለማምጣት የተሞከረበትም አገር አለ። የኢራን ንጉሥ ሬዛ ሻህ እ.ኤ.አ. በ1936 ሴቶች መሸፈኛቸውን እንዲያወልቁ ባዘዙ ጊዜ ፖሊሶች በመንገድ ላይ ከሴቶች ራስ ይገፍፉ ነበር፤ ብዙዎችም ከቤት መውጣት ተዉ። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1941 ከዙፋናቸው ሲወርዱ መሸፈኛው ተመልሶ መጣ። በአንጻሩ ወይዘሮ ሁዳ ሻዕራዊ እ.ኤ.አ. በ1923 በካይሮ ባቡር ጣቢያ ፊታቸውን ሲገልጡ ያዘዛቸው ፖሊስ አልነበረም።

ስለ ጸጥታ የተነገረው ከዚህ ይልቅ ክብደት አለው። ቻድ እ.ኤ.አ. በጁን 2015 በዋና ከተማዋ በንጃሜና ቦምብ ከፈነዳ በኋላ ፊት መሸፈንን ከለከለች። በሚቀጥለው ወር ግን የሴት መሸፈኛ የለበሰ ወንድ በዚያችው ከተማ ገበያ በር ላይ ራሱን አፈንድቶ 15 ሰዎች ሞቱ። ሊገድል የቆረጠ ሰው የልብስ ደንብ እንደማይመልሰው ከዚህ ይታያል። ወደ አገራችንም ብንመለስ፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በመስቃንና በማረቆ መካከል ተነሥቶ ብዙ ቤት ያፈረሰው ግጭት ከኒቃብ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም፤ የመሬትና የአስተዳደር ጥያቄ ነበር። የእንሴኖ ሰው ስለ ጸጥታ ሲጠየቅ የሚያነሣው ይህንኑ ነው።

ሆኖም ሰውን በፊቱ ለይቶ ማወቅ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ፈተና ሲጀመር፣ መታወቂያ ሲወጣ፣ ከባንክ ገንዘብ ሲወጣ ፊት ሊታይ ይገባል። ይህን የሚቃወም ሰው ቢኖር ከእርሱ ጋር አንስማማም። አፈጻጸሙም ቀላል ነው፤ አንዲት ሴት ሠራተኛ በተከለለ ስፍራ አይታ ማለፍ ትችላለች። ለአንድ ደቂቃ ሥራ ቀኑን ሙሉ የሚያግድ ሕግ ማውጣት ምን ይባላል?

ሦስተኛው ምክንያት «ባህላችን አይደለም» የሚለው ነው፤ ይህን የተናገረው ወንድማችን ከረባት አስሮ ነበር። በጉራጌ ኒቃብ የቅርብ ጊዜ ነገር መሆኑ እውነት ነው። በአብሬትና በቃጥባሬ ሼኾች ዘመን ያደጉት እናቶች እንሰት እየፋቁና ገበያ እየወጡ የኖሩት ፊታቸውን ገልጠው ነው። ኒቃብ የበዛው ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ፣ የሃይማኖት ነጻነት ሲሰፋና ከዐረብ አገር ጋር ያለው መመላለስ ሲጨምር ነው። ነገር ግን ፊትን መሸፈን ራሱ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነውን? የፖርቱጋሉ ቄስ አልቫሬዝ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግልን ሲያይ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ላይ ሰማያዊ ሐር ተጋርዶ አንድ ጊዜ ዝቅ አንድ ጊዜ ከፍ ይደረግ እንደ ነበር ጽፏል። መኳንንቱ በሻማቸው አፋቸውን ይሸፍኑ ነበር፤ «ዓይነ ርግብ» የሚለውም ቃል ከውጭ የመጣ አይደለም። እኛን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩን እኅቶችም ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው ተጠቅልለው ነበር፤ ማንም ያውልቁ ያላቸው የለም።

በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ ያለ መሸፈኛ በአደባባይ መገኘት በሕግ ተከለከለ። ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. ሲከፈቱ ተማሪው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ እንዲማር ታዘዘ። መምህራን በዚያ ጊዜ «ፊታቸው ካልታየን ማስተማር አንችልም» ብለው ጠመኔ ሲያስቀምጡ አልሰማንም።

በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ ኒቃብ ግዴታ ነው አይደለም የሚለው ክርክር የቆየ ነው። የአል አዝሃር ታላቅ ሼኽ የነበሩት ሙሐመድ ሰይድ ጠንጣዊ እ.ኤ.አ. በ2009 ልማድ እንጂ የሃይማኖት ግዴታ አይደለም ብለው ነበር፤ የተቃወሟቸውም ብዙ ናቸው። በሐጅ ሥርዓት ላይ ሴት ኢሕራም ገብታ ኒቃብ እንደማትለብስም ይታወቃል። ነገሩን መፍታት የእነርሱ ፋንታ ነው እንጂ የእኛም የፖሊስም አይደለም።

አሁን ወደ አገራችን ደንብ እንምጣ። የትምህርት ሚኒስቴር በ2000 ዓ.ም. በትምህርት ተቋማት ስለሚኖረው የአምልኮ ሁኔታ ባወጣው መመሪያ ጠጕርን መሸፈን ፈቅዶ ፊትን መሸፈን ከለከለ። ድንበሩ ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሆነውን እንመልከት፤ በዚያ ሴት ተማሪዎች የተከለከሉት ፊታቸውን ሳይሆን ጠጕራቸውን መሸፈን ነበር። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት እንዳስታወቀው 159 ተማሪዎች ለአገር አቀፍ ፈተና መመዝገብ አልቻሉም፤ ፍርድ ቤትም ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ አዝዞ ነበር። ክልከላ አንድ ጊዜ ለትምህርት ቤት በር ከተሰጠ የበሩ ሰው ከፊት ወደ ጠጕር ለመሻገር ብዙ እንደማይቸገር ከዚህ እንረዳለን።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 እምነትን በተግባር መግለጥ ሊገደብ የሚችለው ለሕዝብ ደኅንነት፣ ለሰላም፣ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለሥነ ምግባርና ለሌሎች ሰዎች መብት፣ እንዲሁም መንግሥት ከሃይማኖት ነጻ መሆኑን ለማረጋገጥ ሲባል በሚወጣ ሕግ መሆኑን ይናገራል። «ትምህርት» የሚለው ቃል እዚያ መኖሩን የመመሪያው ደጋፊዎች በትክክል ይጠቅሳሉ። እኛ የምንጠይቀው፣ ስለ ትምህርት ተብሎ የወጣ ገደብ ተማሪዋን ከትምህርት የሚያስወጣት ከሆነ በየትኛው ሚዛን ትምህርትን ጠበቀ ይባላል የሚለውን ነው።

ስለዚህ የኮሌጃችን የክርክር ኮሚቴ ይህን ርእስ በሚቀጥለው መንፈቅ እንደገና እንዲያቀርበው እናሳስባለን። ያን ጊዜ ከተናጋሪዎቹ አንዷ ኒቃብ የምትለብስ ሴት ብትሆን፣ ሌላዋም ለብሳ የተወች ብትሆን መልካም ነው። በዚያ ምሽት በአዳራሹ ውስጥ ከሁለቱ ወገን አንዲት እንኳ አልነበረችም፤ የፊተኛይቱን የግቢው በር አያስገባትም፣ ሁለተኛይቱን የጠየቀ አልነበረም።